ከአዲስ አበባ የመጣው ሸክላ ማጫወቻ፦ ጥገናው፣ ፎኖ ፕሪአምፑና አዲሱ መርፌ

ይሄን የምጽፈው ከአገር ቤት ሸክላ ማጫወቻ ይዛችሁ ለመጣችሁ ወይም ልታስመጡ ለምታስቡ ነው። በተለይ አሜሪካ ላላችሁ። ትራንስፎርመር ትገዛላችሁ፣ ትሰካላችሁ፣ ሸክላው ይዞራል፣ ከዚያ ነገሩ ያለቀ ይመስላችኋል። አላለቀም። እኔ ይሄን እስካውቅ ሁለት ወር አለፈ፤ ለማይረባ ነገርም ገንዘብ ከፈልኩ። ስለዚህ የገዛሁትን ዕቃ፣ የሰለቸኝን ነገርና በመጨረሻ የጠገኑልኝን ሰው እንዳለ ልንገራችሁ።

ዕቃው ፓዮኒር ፒኤል-12ዲ ነው። የሰባዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጃፓን ሥራ። በቺንጋ የሚዞር ነው፤ መርፌውን የሚይዘው ክንድ ኤስ ፊደል ይመስላል። አባዬ ሳሎን ኮመዲኖው ላይ ነበር የሚያስቀምጠው። ከእሱ በቀር ማንም አይነካውም። አባዬ ካረፈ በኋላ ለዓመታት ነጠላ ተሸፍኖ ተቀመጠ። እማዬ አምና ሜሪላንድ ልትጠይቀኝ ስትመጣ "ምን ላምጣልህ?" አለችኝ። በርበሬና ሽሮ የምላት መስሏት ነበር። "የአባዬን ሸክላ ማጫወቻ" አልኳት። ትንሽ ዝም አለች፣ ከዚያ "ሸክላዎቹንም ነዋ" አለች።

በጋቢ ጠቅልላ አመጣችው። ልታመጡ የምታስቡ ካላችሁ ግን ጋቢ ብቻውን አይበቃም። የሚሽከረከረውን ከባዱን ሰሃን አንሡና ለብቻው ጠቅልሉት። ክንዱ ጫፍ ላይ ያለውን ክብደት ፈትታችሁ አውጡት። ክንዱን ማረፊያው ላይ በክር እሰሩት። መርፌው ያለበትን ጭንቅላት ነቅላችሁ ትንሽ ካርቶን ውስጥ አድርጉት። ሻንጣ ሲወረወር የሚሰበሩት እነዚህ ናቸው። የእኛው በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ደረሰ።

አሁን ወደ ጣጣው።

እቤት ያለኝ ሪሲቨር አዲስ ነው። ሪሲቨር ስል የዲሹን አይደለም፤ ሬዲዮና አምፕሊፋየር አንድ ላይ የያዘውን፣ ስፒከሮቹ የሚሰኩበትን ሣጥን ማለቴ ነው። ብሉቱዝ አለው፣ የቲቪ መሰኪያ አለው፣ የሲዲ አለው። ከጀርባው ግን "ፎኖ" የሚል መሰኪያ የለውም። ያኔ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አላወቅኩም። ቀዩንና ነጩን ገመድ ኦክስ ላይ ሰካሁና መርፌውን አሳረፍኩ። ድምፅ አለ፣ ግን ከጎረቤት ግድግዳ አልፎ የሚመጣ ነው የሚመስለው። ቮሊዩሙን እስከ ጥጉ ብጠመዝዘው ቤዝ የሚባል ነገር የለም፤ የሚሰማው የከበሮው ጽናጽልና የሳክስፎኑ ትንፋሽ ብቻ ነው።

ከቤቴ ብዙም የማይርቅ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም። ለማየት ብቻ 75 ዶላር ተቀበሉኝ። ከሳምንት በኋላ ደውለው መርፌውም ሞቷል፣ ሞተሩም አርጅቷል፣ ይሄን ከመጠገን አዲስ ግዛ አሉኝ። ከምን ጋር ነው ያገናኘኸው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ዕቃውን ይዤ ስመለስ መኪና ውስጥ በጣም ነው ያዘንኩት። የአባዬ ነገር ሁለተኛ የተቀበረ ነው የመሰለኝ።

ድምፁን ያሳነሰው የፎኖ ፕሪአምፕ አለመኖር ነበር፤ ይሄ የሸክላ ማጫወቻውን ትንሽ ድምፅ አጉልቶ ለአምፕሊፋየሩ የሚያዘጋጅ ዕቃ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። መርፌው ከሸክላው የሚያነሣው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ነው፤ በተለመዱት መርፌዎች ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ቢሆን ነው። ኦክስና ሲዲ የሚሉት መሰኪያዎች የሚጠብቁት ደግሞ 200 ሚሊቮልትና ከዚያ በላይ ነው። በዚህ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ከፍ ይደረጋል። ቤዙ እንዳለ ቢቀረጽ መስመሩ በጣም እየሰፋ ሸክላው ላይ ብዙ ሙዚቃ አይገባም ነበር፤ ቀጭኑን ከፍ ማድረጉ ደግሞ ሲጫወት የሚሰማውን መንኮሻኮሽ ይቀንሳል። ሲጫወት እንግዲህ ያንን መልሶ የሚገለብጥ ነገር ያስፈልጋል። ልኬቱ አር አይ ኤ ኤ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ነው መደበኛ የሆነው። የድሮ አምፕሊፋየሮች "ፎኖ" ብለው ይሄን ሥራ ውስጣቸው ይይዙ ነበር። አባዬ ጋ የነበረው አምፕሊፋየርም እንደዚያው፤ ለዚህ ነው እሱ ስለዚህ ነገር ሲያወራ ሰምቼ የማላውቀው። አሁን የሚሸጡት ብዙዎቹ ግን የላቸውም።

የገዛሁት አርት ዲጄ ፕሪ ቱ የሚባለውን ነው። ከ100 ዶላር በታች ነው፣ በእጅ መዳፍ የሚያዝ የብረት ሣጥን። በጣም ወድጄዋለሁ። ከፊቱ የድምፁን መጠን የምትቀይሩበት ጉልበት ማስተካከያ አለው፣ ድምፁ ከልክ ሲያልፍ የሚነግር መብራትም አለው። የታችኛውን ጉርምርምታ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያም አለው፤ ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ሆነ፣ ምክንያቱም የአባዬ ሸክላዎች ብዙ ዓመት ተጋድመው ስለኖሩ አንዳንዶቹ ትንሽ ጎብጠዋል፣ ሲዞሩ ስፒከሩ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲተነፍስ ይታያል። ማብሪያውን ስጫነው ስፒከሩ ረጋ። ካፓሲታንስ የሚባለውንም፣ የመርፌውን ቀጭን ድምፅ የሚነካ የኤሌክትሪክ ልክ ነው፣ 100 ወይም 200 ፒኮፋራድ ብላችሁ ለመርፌያችሁ እንዲስማማ ትመርጣላችሁ። የሚሠራው ሙቪንግ ማግኔት ለሚባሉት፣ ለተለመዱት መርፌዎች ነው። ድምፃቸው ይበልጥ ትንሽ የሆነ፣ ሙቪንግ ኮይል የሚባሉ ውድ መርፌዎች ካላችሁ ሌላ ፈልጉ።

አገናኙ ቀላል ነው። ከሸክላ ማጫወቻው የሚወጣው ቀይና ነጭ ገመድ ወደ ፕሪአምፑ መግቢያ። ከፕሪአምፑ መውጫ ወደ ሪሲቨሩ ኦክስ። ከሁለቱ ገመዶች ጋር አብራ የምትመጣው፣ ጫፏ ሹካ የምትመስል ቀጭን ሽቦ ደግሞ ፕሪአምፑ ላይ "ግራውንድ" የሚል ብሎን ሥር ትታሰራለች። እሷን ከረሳችሁ ስፒከሩ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። የእናንተ ሪሲቨር ፎኖ መሰኪያ ካለው ይሄ ሁሉ አያስፈልግም፣ በቀጥታ እዚያ ሰኩት። ፕሪአምፕ ገዝታችሁ ደግሞ ፎኖ ላይ እንዳትሰኩት፤ ሁለት ጊዜ ይጎላል፣ ቤዙም ሁለት ጊዜ ይነሣል፣ ድምፁ ጭቃ ይሆናል።

ሰካሁት። ቤቱ ሞላ! ቤዝ ጊታሩ መጣ፣ ከበሮው መጣ። ከዚያ ጥላሁን ገሠሠ መዝፈን ጀመረ፤ የልጅ ድምፅ ነበር። ዘፈኑ ይሮጣል። እማዬ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ "ይሄ ማነው?" አለች። ጥላሁን ነው ስላት ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር አልረሳውም። ድስቷን ትታ መጥታ ቁጭ ብላ ሰማችው፣ ከዚያ "ተወው፣ አጥፋው" አለችኝ።

ቺንጋው ላልቶ ይሆናል ብዬ አዲስ አዘዝኩ። ለውጥ የለም። በኋላ ሳስበው ቺንጋ ሲላላ የሚዘገይ እንጂ የሚፈጥን ነገር የለም። ትራንስፎርመሩን ጠረጠርኩና ሌላ፣ የበለጠ ውድ ገዛሁ። ያው ነው። በዚህ መሐል ነው አንድ የእድራችን አባል ስለ እሳቸው የነገረኝ። ድሮ ፒያሳ ሬዲዮ ሠሪ የነበሩ፣ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በጡረታ ጊዜያቸው ቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ ጥገና የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን እዚህ አላወጣም፣ እሳቸውም አይፈልጉም።

ደወልኩላቸው። "ጋሼ፣ ሸክላ ማጫወቻዬ ይሮጥብኛል" አልኳቸው።

"ከየት የመጣ ነው?" ነው ያሉኝ መጀመሪያ።

"ከአዲስ አበባ።"

"ትራንስፎርመር አድርገህ ነው የምትነዳው?"

"አዎ ጋሼ፣ ሁለት ገዝቻለሁ።"

"ሁለተኛውን መልስላቸው ልጄ። ትራንስፎርመር የሚቀይረው ቮልቱን ነው። ሄርዙን አይነካውም።"

75 ዶላር የተቀበለኝ ቤት በሳምንት ያላገኘውን እሳቸው ዕቃውን ሳያዩ በስልክ አገኙት።

ሄርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። ኢትዮጵያ ያለው መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። አሜሪካ ደግሞ 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ። የዚህ ዕቃ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከሄርዙ ነው። በ50 ሄርዝ በደቂቃ 1500 ጊዜ ይዞራል፣ በ60 ሄርዝ 1800 ጊዜ። ቮልቱ ልክ ቢሆንም ባይሆንም ለፍጥነቱ ግድ የለውም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በ20 በመቶ ይፈጥናል፤ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ ይዞር የነበረው ሸክላ 40 ይሆናል፣ 45 የነበረው 54። የአራት ደቂቃ ዘፈን በሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ያልቃል። ክራር ለምትቃኙ ደግሞ ቅኝቱ ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ወደ ላይ ይወጣል ማለት ነው።

ጋሼ የነገሩኝን መለኪያ እናንተም ሞክሩት፣ ምንም ዕቃ አይፈልግም። ሰሃኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጥፉ። የስልካችሁን ሰዓት ሦስት ደቂቃ ሙሉ። 33 ላይ አድርጋችሁ ፕላስተሩ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ቁጠሩ። ልክ ከሆነ 100 ነው። የእኔ 120 መጣ። ሁለቴ ቆጠርኩ፣ ሁለቴም 120።

ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ለምትልኩም ነገሩ ተገልብጦ ይመጣል። 33⅓ ወደ 28 ገደማ ይወርዳል፣ ዘፋኙ የታመመ ይመስላል። እዚያ ላይ ደግሞ የ120 ቮልቱን ዕቃ ቀጥታ 220 ላይ ከሰካችሁት ሞተሩ ይቃጠላል። ሁሉም ሸክላ ማጫወቻ ግን ይሄ ጣጣ የለበትም። እንደ ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ማርክ ቱ ያሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ማለት ነው፣ ፍጥነታቸውን ራሳቸው በክሪስታል ስለሚቆጣጠሩ ቮልቱ ከተስተካከለ ይበቃቸዋል። ከመግዛታችሁ በፊት ከኋላ ወይም ከሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። 50 ሄርዝ ብቻ የሚል ከሆነ ተጠንቀቁ። 50/60 ቢልም እንኳ አንዳንዱ ውስጡ የሚቀየር ነገር ይፈልጋል።

የሚቀየረው ነገር ሞተሩ አናት ላይ ያለችው ፑሊ ናት፣ ቺንጋው የሚጠመጠምባት። ለ60 ሄርዝ የምትሠራዋ ቀጠን ያለች ናት፣ ሞተሩ በፈጠነው ልክ እሷ ትቀጥናለች። ለዚህ ሞዴል የምትሆነውን ያገለገለች አንዷን ለማግኘት ጋሼ ሦስት ሳምንት ፈለጉ። አገኟት። 30 ዶላር።

ከዚያ ዕቃውን ወሰድኩላቸው፣ ቅዳሜ ቀን፣ ቁጭ ብዬ እንዳይ ፈቀዱልኝ። ካቻቪቴያቸው እጀታው በፕላስተር የተጠቀለለ ነው። ሰሃኑን አነሡ፣ መሐሉ ላይ ያለውን ዘንግ መዘዙት። ዘይቱ ሙጫ ሆኗል። በአልኮልና በጥጥ ጠርገው ጠርገው፣ ጥጡ ጥቁር መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ፣ ከዚያ ሦስት ጠብታ ቀጭን ዘይት ብቻ። "ብዙ ያደረገ ሁሉ አጠፋው" አሉኝ። ሞተሩ የተንጠለጠለባቸው ትንንሽ ጎማዎች እንደ ድንጋይ ደርቀው ነበር፤ የሞተሩ መንቀጥቀጥ በእነሱ አልፎ ወደ መርፌው ይሄዳል፣ በጸጥታ ቦታ ላይ ዝቅ ያለ ማጉረምረም ሆኖ ይሰማል። ቀየሯቸው። የግራው ገመድ አንዳንዴ ይጠፋ ነበር፣ ጫፉን ቆርጠው አዲስ መሰኪያ በየዱለት። አዲሱን ቺንጋ ሲያስገቡ በባዶ እጃቸው አልነኩትም፣ በንጹሕ ጨርቅ ይዘው ነው፤ የእጅ ቅባት ያንሸራትተዋል።

ስለ አገልግሎቱ የማልወደውንም ልናገር። ቀስ ይላሉ። ከመጀመሪያው ስልክ እስከ መጨረሻው አምስት ሳምንት ፈጀ። ስልክ ሁልጊዜ አያነሡም። የሚቀበሉት ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው። የሚቸኩል ሰው አይሆነውም። የእጅ ዋጋቸው ግን ለዚህ ሁሉ ሥራ 120 ዶላር ነበር፣ በእኔ እምነት ከዚያ በላይ ይገባቸዋል። ልጨምርላቸው ስል ተቆጡኝ።

መርፌውን ሲያዩ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። በማጉያ መነጽር አሳዩኝ፣ ጫፉ በአንድ በኩል ተበልቷል። "በዚህ አንዲት ሸክላ እንዳታጫውት" አሉኝ። ስለዚህ ነው ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤቲ-ቪኤም95ኢ የገዛሁት፣ አረንጓዴውን፣ ከ70 ዶላር በታች። በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ መርፌ ለአሮጌ ማጫወቻ ማግኘት ከባድ ይመስለኛል። የድምፅ ጉልበቱ 4 ሚሊቮልት ነው፣ ከፕሪአምፑ ጋር በደንብ ይስማማል። ሸክላው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ሁለት ግራም ሲሆን ደስ ይለዋል። ብሎኑ የሚገባበት ክር አካሉ ላይ ተሠርቶ ስለመጣ ከኋላ ትንንሽ ዳዶ በጣት ጫፍ መያዝ አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ ይሄን የሞከረ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። ሌላው የምወድለት ነገር፣ መርፌው ሲያልቅ አካሉን ሳትነኩ መርፌውን ብቻ መዝዛችሁ መቀየር ነው፤ ከፈለጋችሁም ከዚሁ ቤተሰብ የተሻለውን ትገዙና እዚያው ትሰኩታላችሁ።

ገጠማውን ራሴ ነው የሠራሁት፣ ጋሼ እያዩ። አራቱን ፀጉር የሚያህሉ ሽቦዎች በወረንጦ ነው የሚሰኩት። ነጭ የግራ፣ ቀይ የቀኝ፣ ሰማያዊ የግራ ግራውንድ፣ አረንጓዴ የቀኝ ግራውንድ። ከዚያ የክንዱን ክብደት እያዞራችሁ ክንዱ አየር ላይ እንደ ሚዛን ቀጥ ብሎ እንዲንሳፈፍ ታደርጋላችሁ፣ ቁጥሩን ዜሮ ላይ ታደርጉና ወደ ሁለት ታዞራላችሁ። የአሮጌ ማጫወቻ ቁጥር ሊዋሽ ስለሚችል ትንሽዋን የመርፌ ሚዛን ግዙ፣ ርካሽ ናት።

መርፌ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ የምለው በምክንያት ነው። አባዬ የተወልን ሸክላዎች አብዛኞቹ ትንንሾቹ ባለ 45 ናቸው፣ ብዙዎቹ የአምሃ ሬከርድስ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራውን ሲጀምር ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነበር፤ እሱ ግን ደፍሮ ጀመረ። ያ ዘመን አጭር ነበር፣ በሰባዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ አበቃ። ብዙነሽ በቀለን፣ ማሕሙድ አሕመድን፣ ጥላሁንን በወጣትነታቸው የያዙት እነዚያ ትንንሽ ሸክላዎች ናቸው። በሲዲም በስልክም ብዙው ይገኛል፣ አውቃለሁ። ግን በተበላ መርፌ የተፋቀ ሸክላ መልሶ አይድንም፣ አባዬ በእስክሪብቶ ስሙን የጻፈበት ሸክላ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ከማጫወቴ በፊት በተጣራ ውኃና ለስላሳ ጨርቅ አንድ በአንድ አጠብኳቸው፣ መሐል ያለውን ወረቀት ሳላረጥብ።

ቤት መልሼ ስገጥመው አንድ ነገር ቀረ፣ ጉርምርምታ። የግራውንዱ ሽቦ በደንብ ታስሯል። ለጋሼ ደወልኩ። "ትራንስፎርመሩ የት ነው ያለው?" አሉኝ። ሸክላ ማጫወቻው ሥር፣ መደርደሪያው ላይ ነበር። የእኔ ማጫወቻ 220 ብቻ ስለሚቀበል ፑሊው ተቀይሮም ትራንስፎርመሩ ያስፈልጋል። "አርቀው፣ መግነጢሱ ነው መርፌህ ውስጥ የሚገባው።" መሬት ላይ፣ አንድ ሜትር ያህል ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። ጸጥ አለ።

ፕላስተሩን እንደገና ለጥፌ ቆጠርኩ። 100።

እማዬ ያን ቀን ቡና ልታፈላ ረከቦቱን ዘርግታ ነበር። ምንም ሳልነግራት ያንኑ የጥላሁንን ሸክላ አደረግኩ። ዘወር ብላ አላየችኝም። ቆሎውን ሳህን ላይ እያፈሰሰች ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር፣ የሁለተኛውን ስንኝ ቃል ከእሱ ቀድማ ነው ያለችው። ሲያልቅ "ገልብጠው" አለችኝ።

ሒሳቡን ለምትጠይቁኝ፣ ፕሪአምፑ፣ መርፌው፣ ፑሊው፣ ቺንጋውና የጋሼ የእጅ ዋጋ ተደምሮ ከ330 ዶላር አላለፈም። ለመጀመሪያው ቤት የከፈልኩትንና ሁለተኛውን ትራንስፎርመር አልቆጠርኩም፣ ትራንስፎርመሩን መልሻለሁ። በዚህ ገንዘብ አዲስ ማጫወቻ ይገኛል፣ ልክ ነው። ክንዱም ሰሃኑም የዚህን ያህል የሚከብድ ግን አይመስለኝም።

ባለፈው ሳምንት አቧራ ልጠርግ ገልብጬው ሣጥኑ ውስጥ፣ ከሥሩ በኩል፣ የተለጠፈች ትንሽ ላስቲክ አገኘሁ። ውስጧ የድሮዋ ፑሊ አለች። ከላይዋ በጋሼ እጅ ጽሑፍ "50 ሄርዝ፣ የአገር ቤት" ይላል።